ይድረስ ለክቡር የብረት በር ድብደባ

ጉዳዩ፦ ከፍሪጅ ጀርባ ለተሸሸገች አንዲት ድመት የሰባት ቀን ጸጥታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከግራ ክንዴ፣ ከአንገቴና በጎረቤት ፊት ከነበረችኝ ጥቂት ክብር በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ክንዴ በመዳን ላይ ነው። ክብሬ ግን በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰፍሮ ቀርቷል።

እርስዎን ለአንባቢ ማስተዋወቅ ወረቀት ማባከን ይሆንብኛል፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሁሉ ያውቅዎታል። ቆጣሪ አንባቢው በእስክሪብቶው ጀርባ፣ የጎረቤት ልጅ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ለማለት በእግሩ፣ መዋጮ ሰብሳቢው ደግሞ በጓጉንቸር ይጠሩዎታል፤ እርስዎም ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ እያስተጋቡ ከተፍ ይላሉ። በሬ ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ደወል አለ። ከሥሩም «እባክዎ ይህን ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ለጥፌአለሁ። እስከ ዛሬ ያን ደወል የተጫነ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እርሱም ደወሉን የገጠመልኝ ባለሙያ ሲሆን፣ የተጫነው ለሙከራ ነበር።

ቡሪት ወደ ቤቴ የመጣችው በሠፈራችን የተጣሉ ድመቶችን እየሰበሰበች ከምታሳድግ አንዲት ሴት እጅ ነው። (ስሙን ያወጣሁላት ጥቁር፣ ነጭና ዳማ የተቀላቀለባት ስለሆነች ነው።) ሴትዮዋ ድመቷን ከማስረከቧ በፊት እንደ አማት አስጠንቅቃኛለች። ሦስት ቀን ትደበቃለች፣ ሦስት ሳምንት ታጠናሃለች፣ ቤቴ ብላ ለመኖር ግን ሦስት ወር ሊፈጅባት ይችላል፤ አንተም እስከዚያው አትጎትታት፣ አታባብላት፣ ዓይኗ ላይ አታፍጥባት አለችኝ። ያደገች ድመት ሆዷን ስለሚያውካት ወተት እንዳልሰጣት፣ ከወጥ የተረፈ ነገርም ፈጽሞ እንዳላቀርብላት አጥብቃ ነገረችኝ፤ ቀይ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም የድመትን ደም ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይደለም።

እንደታዘዝኩት አደረግሁ። መኝታ ቤቴን ለቀቅሁላትና ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ጀመርኩ። በአንዱ ጥግ ምግቧንና ውሃዋን፣ ከእርሱ ራቅ ባለው ጥግ ደግሞ ከአናጺ ቤት በፌስታል ለምኜ ያመጣሁትን ሰጋቱራ በሳፋ አኖርኩ። ሽታዬን ትልመድ ብዬ የለበስኩትን ጋቢ ሳይታጠብ ከአልጋው ሥር አነጠፍኩላት። ድምፄንም እንድትለምድ ማታ ማታ ወለሉ ላይ ተቀምጬ በለሆሳስ አነብላት ነበር፤ በቅርብ ያገኘሁት ጽሑፍ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ስለነበረ እርሱን አነበብኩላት። ከብሎካችን ነዋሪዎች መካከል አዋጁን ከመግቢያው ጀምሮ በጽሞና ያዳመጠች እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ያለፈው ሰኞ 11ኛው ቀን ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቁምጣ ለብሼ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ግራ እጄን ወደ አልጋው ሥር ዘርግቼ፣ በሁለት ጣቶቼ መካከል የተቀቀለ የዶሮ ጉበት ይዤ፣ ዓይኔን በዝግታ እየከደንኩ እገልጥ ነበር። ይህን ያደረግሁት አእምሮዬ ስለተነካ አይደለም። እንግሊዝ አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ዓይኑን ቀስ አድርጎ ሲከድንላት ድመትም መልሳ እንደምትከድን፣ የማታውቀው ሰው እጁን ሲዘረጋላትም ለመቅረብ ይበልጥ እንደምትደፍር አሳይተዋል። ቡሪትም ከደነች። ከዚያ ጢሟ ወጣ፤ ቀጥሎ አፍንጫዋ፤ ቀጥሎ አንድ ነጭ እግር ጋቢው ጫፍ ላይ አረፈ። ጉበቱን አልነካችውም። ይልቅ ጉንጯን አውራ ጣቴ ላይ አሸት አደረገችው፤ ድመት ጉንጯን የምታሽው ሽታዋን ለመቀባት፣ ይህ የእኔ ነው ለማለት መሆኑን ስለማውቅ ትንፋሼን ዋጥኩ።

እርስዎ የመጡት በዚህች ቅጽበት ነው።

ጓጉንቸር በብረት ላይ አምስት ጊዜ፣ ፋታ ሳይሰጥ እንደገና አምስት ጊዜ። እኛ ሰዎች ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ (በሴኮንድ 20 ሺህ ንዝረት) እንሰማለን፤ ድመት ግን ከ60 ሺህ በላይ ትሰማለች፤ እኔን ጥርሴን ያፋጨኝ የብረት ጩኸት በእርሷ ጆሮ ምን ሆኖ እንደገባ እንግዲህ እርስዎ ይገምቱት። እኔ የማውቀው መንገዷን ነው። ከእጄ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ በአናቴ ላይ ተረማምዳ መጋረጃው ላይ ወጣች፤ መጋረጃው ከነዘንጉ ወረደ፤ ዘንጉ ሳፋውን ገለበጠና ሰጋቱራውን፣ በውስጡ ከነበረው ጋር፣ በላዬ በተነው። እርሷ በአየር ላይ እንዳለች ያህል ሳሎኑን አቋርጣ ማእድ ቤት ገባችና ከፍሪጁ ጀርባ ጠፋች። እኔም ጮኽኩ። የጮኽኩት ቃል በዚህ ደብዳቤ አይጻፍም።

በሩን የከፈትኩት በቁምጣ፣ ደም በአንገቴ እየወረደ፣ ጸጉሬ ሰጋቱራ ለብሶ፣ በእጄ የተጨፈለቀ የዶሮ ጉበት እንደያዝኩ ነበር። መዋጮ ሰብሳቢው ጋሼ ካርኒያቸውን በብብታቸው ይዘው ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝና «ቤት ካለህ ምነው ቶሎ አትከፍትም?» አሉኝ። ከኋላቸው የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ሁሉ ደረጃው ላይ ወጥቷል። «ከሚስቱ ጋር ነው» አለች አንዷ። ሚስት የለውም ተባለች። «እንግዲያውማ ይብሳል» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ጥበቃችን ደግ ሰው ስለሆኑ ሽማግሌ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ።

እንዲህ ያለ ቁስል ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ውሃው ግን ዕለቱን የእኛ ብሎክ ተራ አልነበረም። ለሦስት ቀን ያጠራቀምኩትን የጄሪካን ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ 15 ደቂቃ ሙሉ ሳፈስ፣ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ስጨርስም በእርጥብ እጄ አስከፈሉኝ። ካርኒው ላይ የተጻፈው የክፍያ ምክንያት «ለጸጥታ» ይላል።

ቡሪት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ገና አላገኘችም ነበር፤ ከፍርሃቷ ሳትወጣ በካርቶን አሽጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ብወስዳት የገነባነውን ሁሉ እንዳላፈርስ ብዬ ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ አዘግይቼ ነበር። ስለዚህ መከተቡ ለእኔ ሆነ። የአንደኛ ፎቋ እትዬ እንደ ድሮው ሰው ሁሉ «ፓስተር ሂድ» ብለው መከሩኝ፤ ክትባቱ ወደሚሰጥበት ሂድ ማለታቸው ነው። ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጆቹ በ1885 ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው የ9 ዓመት ልጅ እንኳን የተነከሰው በውሻ ነበር፤ በሽታውም በእኛ ቋንቋ የእብድ ውሻ በሽታ ተባለ እንጂ ድመትን ያስታወሳት የለም። የድመት መረሳት ምን እንደሚያመጣ የተረዳሁት ካርድ ክፍሉ ፊት ስደርስ ነው።

ተራ ይዤ፣ ካርድ ለማውጣት መታወቂያ፣ መታወቂያውን ኮፒ ለማድረግ ሌላ ተራ ይዤ፣ በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ውሻው የጎረቤት ነው የመንገድ?» ብላ ጠየቀችኝ። በለሆሳስ ድመት ናት አልኳት። «ምን?» አለች። ድመት፣ አልኩ፣ በዚህ ጊዜ ኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «የራስዎ?» ልትሆን ነው፣ ገና 11 ቀኗ ነው አልኩ። ከኋላዬ ያለው ጎልማሳ «ወንድሜ፣ አይጥ መስለሃት ነው?» ሲል ሰልፉ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ሌላው ደግሞ በሆድ እንደሚወጋኝ፣ እርሱም ድሮ እንደተወጋ፣ ሸሚዙን ገልጦ ሊያሳየኝ ፈለገ። ጸሐፊዋ «ውሻ፣ ውሻ፣ ውሻ» እያለ ወደታች በሚወርደው ዓምድ ውስጥ «ድመት» ብላ ጻፈችና፣ በስህተት እንዳልጻፈችው የሚመጣው ሰው እንዲያውቅ ነው መሰለኝ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ያልሳቀች አንዲት እናት ብቻ ነበረች፤ ልጇ ባቱን ውሻ ነክሶት፣ ቁስሉ በነጠላ ታስሮለት ተቀምጧል። «አይዞህ፣ እንዲህ ያለው ነገር አይናቅም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለራሴ ማዘኔን አፈርኩበት።

የተሰጠኝ ካርድ የመጀመሪያውን ዕለት፣ 3ኛውን፣ 7ኛውንና 14ኛውን ቀን ይዟል፤ በሆድ ሳይሆን በክንድ ነው። ሐኪሙ ግን አንድ ተስፋ ሰጠኝ። ድመቷን 10 ቀን ይከታተሏት፤ በ10ኛው ቀን በጤናዋ ካገኟት የመጨረሻው መርፌ ይቀርልዎታል አለኝ። ምን ልመልከት ብዬ ጠየቅሁት። ከሰው መሸሽ፣ ጨለማ ውስጥ መደበቅ፣ በጥቂት ድምፅ መደንበር፣ ምግብ መተው፣ ያለ ጠባይዋ መቧጨር።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ዝርዝር እባክዎ ደግመው ያንብቡት። የእርስዎ የሥራ ውጤት መሆኑን ይገነዘባሉ።

አሁን ስላቁን ለጥቂት ጊዜ ወዲያ ላድርገው። ሴትዮዋ ቡሪትን ያገኘቻት ከቆሻሻ ገንዳ ውስጥ፣ አፉ በሲባጎ በታሰረ ማዳበሪያ ነው። አብረዋት ሦስት ነበሩ፤ አልተረፉም። ያን ማዳበሪያ ያሰረው ሰው ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጥብቆ ቋጥሮታል፣ ገንዳው ውስጥ ወርውሮታል፣ ከዚያም የብረት ክዳኑን ጥሎበት ሄዷል። ቁርሱን በልቶ ሥራ ገብቶ ይሆናል። ድመት አልፈልግም ማለት ነውር አይደለም፤ በማዳበሪያ አሥሮ መጣል ግን ነውር ነው። ከዚያ በኋላ ለዚህች ፍጥረት ብረት ሲመታ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰኞ ዕለት ይህን ለጋሼ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር። «ለድመት ብለህ ነው?» አሉኝ፤ ወደሚቀጥለው በር ሄደውም ጓጉንቸሩን አነሡ።

ስለ ቁራሌው ዛሬ አላነሳም፤ እርሱ ቢያንስ ከአጥር ውጭ ነው የሚጮኸው። በሌሊት ለተሳሳተ ቤት ስለመጡበት ቀን፣ ልጄ አንተ ጋ ነው ወይ ብለው ስለጠየቁበትም ዝም እላለሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ከተቧጨርኩ አራተኛ ቀኔ። ሁለተኛውን መርፌ ትናንት ተወግቻለሁ። ቡሪትን ከሰኞ ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም። ነገር ግን ሌሊት ሳህኑ ይጎድላል፤ ሰጋቱራውም ንጋት ላይ ተቆፍሮ ይገኛል፤ ትናንት ደግሞ ፍሪጁ አጠገብ ያኖርኩት ጋቢ ላይ ሁለት ነጭ ጸጉር አግኝቻለሁ። ሐኪሙ ጸጉሩን እንደ ማስረጃ ይቀበለኝ እንደሆነ ስጠይቀው ድመቷን በአካል ማየት እንዳለብኝ ነገረኝ። ሐሙስ 10ኛው ቀን ስለሆነ ያኔ መታየት አለባት፤ ለመታየት ደግሞ በራሷ እግር መውጣት አለባት።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሐሙስ ማታ በአራተኛ ፎቅ ግራ በኩል ባለው በር ላይ እንዳይደርሱ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የቆጣሪውን ቁጥር በካርቶን ጽፌ ውጭ አንጠልጥያለሁ። የሚቀጥለው ወር መዋጮ በፖስታ ታሽጎ ጥበቃው ጋ ተቀምጧል፤ ካርኒው በበሩ ሥር ይግባልኝ፣ ቀስ ተብሎ። ቡና የሚጠራኝ ልጅ ደረጃው ላይ ቆሞ ያፏጭ፤ እመጣለሁ። የግድ ከሆነብዎ ደወሉ አለ፤ ድንጋዩን ትናንት አውጥቼበታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለቡሪት
ከፍሪጁ ጀርባ