ሙዳየ ምጽዋቱ እዚያው አለ እኮ!

ሂሮሺማ አቅራቢያ፣ ሚያጂማ ደሴት ላይ፣ ኢትሱኩሺማ የሚባል የሺንቶ፣ የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት፣ መቅደስ አለ። ከፊቱ ባሕር ውስጥ ቶሪ የሚሉት ቀይ በር ቆሟል። ታዲያ ባሕሩ ሲሸሽ ጎብኚው ጭቃውን እየረገጠ ይደርስና ከምሰሶው ስንጥቅ ፈልጎ ሳንቲም ይሸጉጥበታል። ለዕድሉ! ሙዳየ ምጽዋቱ መቅደሱ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል እኮ፤ ማን ከለከለህ?

በሩ ድንጋይ መስሎት ይሆናል። እንጨት ነው፤ ሁለቱ ዋና ምሰሶዎች ካምፎር የሚባል ዛፍ ግንድ ናቸው። የአሁኑ የቆመው በ1875 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቁመቱ ከ16 ሜትር ያልፋል፤ 60 ቶን ያህል ይመዝናል። ደግሞ እግሩ መሬት ውስጥ አልተቀበረም! በገዛ ክብደቱ ነው የቆመው። የላይኛው አግዳሚ ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደት እንዲጨምር ጡጫ የሚያካክል ድንጋይ ታጭቆበታል። እንጨት ስለሆነም ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል፤ ከ2019 እስከ 2022 ተሸፍኖ ሲጠገን የከረመው ለዚሁ ነው። የተሸጎጠው ሳንቲም ስንጥቁን ይገፋዋል፣ ጨው ውሃው ይከተላል።

ስለ ውሃው ካነሳን፣ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የምትለዋን ተረት የምወዳት ለዚህ ቦታ የተነገረች ስለምትመስለኝ ነው። የባሕሩ ከፍታ ከ100 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን በሩ ድረስ በእግር ይኬዳል፤ ከ250 ሲያልፍ በሩ የተንሳፈፈ ይመስላል። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚሸሽበት ሰዓት ሰንጠረዥ አስቀድሞ ይወጣል። ማን ያየዋል? ሰልፊው ሳያልቅ ካልሲው ይርሳል። ሰንጠረዡን በወረቀት የያዘ ጠንቃቃም ቢገኝ የደሴቲቱ አጋዘኖች ወረቀት ይወዳሉ፤ ይበሉበታል።

የቆየ ቂሜ ግን ጭልፋው ላይ ነው። የመቅደሱ መግቢያ ላይ እጅ መታጠቢያ ውሃ አለ። በአንድ ጭልፋ ውሃ ግራ እጅ፣ ከዚያ ቀኝ፤ ቀጥሎ በግራ መዳፍ ተቀብሎ አፍን መጉመጥመጥ፤ ግራውን እንደገና፤ በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርጎ በቀረው ውሃ እጀታውን ማጠብ። አለቀ። ጭልፋውን አፉ ላይ ደግኖ የሚጠጣው ሰው ግን ከየት ነው የሚመጣው? ከጀርባው ተሰልፎ ያንኑ ጭልፋ የሚጠብቅ ሰው አይታየውም? ቤቱስ የወጥ ማውጫውን እንዲህ ነው የሚልሰው?

ሳንቲሙን ረሳሁት። ሳጥኑ ውስጥ ይጣል፤ ሁለት ጊዜ እጅ መንሳት፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አንድ ጊዜ እጅ ነስቶ ዞር ማለት። ዞር ማለት ብያለሁ፤ ሳጥኑ ፊት ተገትሮ ፎቶ የሚነሳውን ደግሞ...