ድንኳን የተተከለበት ግቢ

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከሰል ዳር ቁጭ ብዬ በቆሎ እሸት አገላብጣለሁ። ስልኬ ጮኸች። አብሮኝ የተማረ የአዲስ አበባ ወዳጄ የድምፅ መልእክት ልኮልኛል። አራት ደቂቃ! አራት ደቂቃ ሙሉ ድምፁን ቀድቶ የሚልክ ሰው ወይ ሊበደር ነው ወይ ሊመጣ ነው። እሱ ሊመጣ ነው።

«ወንድሜ፣ ዘንድሮ የመስከረምን በዓላት አንድ በአንድ ልናያቸው ወስነናል። ጅማን ቤዝ እናደርጋታለን። አንድ አሪፍ የካምፕ ቦታ ፈልግልን። ብዙ ነገር አንፈልግም። ውሃ የማይጠፋበት፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ የሆነ፣ ዘበኛ ያለው፣ መኪና የሚያስገባ፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት፣ ኔትወርክ የሚይዝ፣ ለከተማው ቀረብ ያለ። ግን ተፈጥሮ ውስጥ።»

በቆሎዬ አረረ። ውሃ የማይጠፋበት ቦታማ እኔም እየፈለግኩ ነው። ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ እስካሁን አላገኘሁም። የተገኘ ዕለት ድንኳን ይዤ የምሄደው መጀመሪያ እኔ ነኝ።

መልእክቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ካጣህም አትጨነቅ። የእናንተ ግቢ ይበቃናል።»

አያችሁ? ሦስት ደቂቃ ተኩሉ መግቢያ ነበር።

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። «ካምፕ?» አለች። «መንገድ ሥራ ተቀጠሩ እንዴ?» ለእሷ ካምፕ የወታደር ነው፣ ወይ የመንገድ ሠራተኛ። ደህና ቤትና ፍራሽ ያለው ሰው በገዛ ፈቃዱ መሬት ላይ ይተኛል ቢሏት አታምንም። አምና በዓይኗ አይታም አላመነችም። ወደዚያ እመጣለሁ።

እኔን ያበሸቀኝ ግን ካምፑ አይደለም። «ቤዝ» የምትለዋ ቃል ናት። ቤዝ ማለት ምን እንደሆነ ከአምና ጀምሮ ገብቶኛል። ይታደርበታል፣ ይታጠብበታል፣ ካልሲ ይሰጣበታል። ከዚያ ሌላ ቦታ ይኬዳል። ይህ ሰው ጅማ ሦስት ጊዜ መጥቷል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጅሬን ኮረብታው ላይ። አንድም ቀን አልወጣም። «ሌላ ጊዜ፣ ጅማ የት ትሄዳለች» ይላል። እውነት ነው፣ የትም አትሄድም። እሱ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት ጠዋት፣ እኔ ባፈላሁት ቡና ተነቃቅቶ።

በማግስቱ ዕቅዱን በጽሑፍ ላከው። ከወላይታዎች ዘመን መለወጫ ከጊፋታ ይጀምራል። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው የሚውለው። ከዚያ መስቀልን ጉራጌ አገር፣ ክትፎው ላይ። ቦንጋ ደግሞ የካፋዎች ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ አለ። ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ፣ ቢሾፍቱ። ማሳረጊያው ጥቅምት 17 ቀን፣ የየም ሰዎች ቦር ተራራ ላይ ወጥተው የመድኃኒት ዕፅዋት የሚለቅሙበት ሳሞ ኤታ። መሃሉ ላይ ጅማ ተቀምጣለች፣ በቀይ ቀለም ተከባ። ግቢያችን መሆኑ ነው።

ሐቁን ልናገር። ቦንጋ ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ለእሱ ጅማ ማደር ያስኬዳል። ለየምም ያስኬዳል፤ ሳጃ እዚሁ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር ናት። ጉራጌ አገር ለመሄድ ግን ጅማ ምን ያደርጋል? ወልቂጤ እኮ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገዱ ላይ ናት። አልፏት መጥቶ፣ እኛ ጋ አድሮ፣ ተመልሶ ሊሄድባት ነው። ወላይታም ቢሆን በዳውሮ ዞሮ፣ ኦሞን ተሻግሮ ነው፤ ሶዶ ያላደረ ሰው ጊፋታን አየሁ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። ቢሾፍቱን ተዉት። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አትሞላም። ሰውዬው 350 ኪሎ ሜትር ወደ ጅማ ወርዶ፣ ከጅማ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ፣ ቤቱ ጓሮ ያለውን በዓል ሊያይ አስቧል። ለምን? ቤዙ ጅማ ነዋ!

ደግሞ «የፀደይ በዓላት ጉዞ» ብሎ ርእስ ሰጥቶታል። ይቺን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መስከረም ፀደይ አይደለም! በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው። ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ስለዚህ መስቀል ራሱ ክረምት ውስጥ ነው ያለው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ፈተና ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። መምህራችን ትልቅ ቀይ ኤክስ አደረገበት። ማስረጃ ይዤ ሄድኩ። «አደይ አበባ የሚያብበው በክረምት ነው እያልከኝ ነው?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀብኝ። አንድ ማርክ ናት። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ይህችን አገር ስንት ነገር ሲነጥቋት አይቻለሁ፣ እኔ ግን የማስታውሰው ያቺን አንድ ማርክ ነው።

ጅማም የምትመሰክረው ለእኔ ነው። አዲስ አበባ ዘመን ሲለወጥ ሰማዩ ይጠራ ይሆናል። እኛ ጋ ዘመን መለወጡን ለዝናቡ የነገረው የለም። መስከረምን ሙሉ ይጥላል፣ ጥቅምትንም ይቀማምሳል። እንግዶቼ ግን የፀሐይ መነጽር ይዘው ነው የሚመጡት። አምና አንዱ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ መጥቶ ነበር። ሲመለስ ጫማው የጅማ አፈር ቀለም ይዞ ነው የተመለሰው። በነጻ የወሰደው ማስታወሻ እሱ ብቻ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ በርጩማም ወስዷል።

እናቴ የምትወዳት አባባል አለች። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት።» ሌላ ቤት በሌላ ማዕድን ሲሏት ሰምቻለሁ፣ የእኛ ቤት እንዲህ ናት። ብዙ አስቤባታለሁ። አባባሏ ብረት ላይ ትቆማለች። ሦስት ደረጃ ብቻ! የጥንት ሰው ከዚያ በላይ የሚቆይ እንግዳ ሊመጣ ይችላል ብሎ አላሰበም ማለት ነው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከመስከረም 14 እስከ ጥቅምት 17 ድፍን 33 ቀን ነው። በ33 ቀን ብረቱ ራሱ ይዝጋል።

ሲገቡ ደግሞ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? «ቤት ለእምቦሳ!» ይህን ምርቃት እወደዋለሁ። አዲስ ቤት ለሠራ ሰው ነው የሚባለው፤ ጥጃ ይታሰርበት፣ ይሙላ፣ ይትረፍረፍ እንደማለት። የእኛ ቤት ግን ቆርቆሮው ከእኔ ይበልጣል። ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ «ቤት ለእምቦሳ!» አለ። እናቴም ሦስቱንም ጊዜ «እምቦሳ እሰሩ» ብላ መለሰች። ምን ታድርግ? ድሮ እውነትም ጥጃ ይታሰርበት የነበረው አቮካዶው ሥር አሁን የእሱ መኪና ታስራለች። በመሃሉ የእናቴ ጎመን ነበር። ነበር።

እንግዲህ የአምናውን ልንገራችሁ።

አምና አራት ሆነው የመጡት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሳሎን አንጥፈን ነበር። «አይ፣ እኛ ካምፕ ነው የምናደርገው» አሉ። በስልክ መብራት ግቢው መሃል ድንኳን ተከሉ። ሰማያዊ ነው፣ ትልቅ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት። እናቴ በመስኮት ታያለች። «ተው፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም» አለችኝ። ብርዱን የምትል መስሎኝ «ብርድ ልብስ አላቸው» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።

ሌሊቱን ጅብ ጮኸ። የጅማ ጅብ መንገድ ያውቃል፣ የሰፈር ሰው ነው። የእኛ እንግዶች ግን አራቱም አንድ ጥግ ላይ ተጣብቀው ነው ያነጉት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የታችኛው ቤት እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ድንኳኑን አሻግረው አዩና «ወይኔ! ማን ናት? እናትህ ናት?» ብለው ደረታቸውን መቱ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች አሉ። ከእነሱ ኋላ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው። አንዷ ንፍሮ በሰታቴ ይዛለች፣ ገና ያጨሳል። መቼ ቀቀለችው? ሌሊቱን ስንት ሰው ነው በአጥር ያየን?

«ኧረ ማንም አልሞተም!» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ተሳሰረ። በዚህ መሃል የድንኳኑ ዚፕ ዝዝዝ ብሎ ተከፈተ። አንድ ወጠምሻ በቁምጣ ወጣ። አፉ በሳሙና አረፋ ተሞልቷል፣ ጥርሱን እየቦረሸ ነው። «እንደምን አደራችሁ!» አለ። እትዬ ለቅሷቸው ጉሮሯቸው ላይ ቆመ።

ይህኔ እናቴ ከቤት ወጣች። በሕይወት። ሴቶቹ አቅፈው አለቀሱ፣ ለቅሶ አንዴ ከተጀመረ መልሶ መዋጥ ይከብዳል። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ድንኳኑን ሁለቴ ዞሩት። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ካምፕ ነው፣ ሐጂ። ለበዓል ነው» አልኩ። «እንዴት ነው፣ ቤት አልነበራቸውም?» አሉ። ለጥያቄያቸው እስካሁን መልስ የለኝም።

ንፍሮው ተበላ። እንግዶቹ ናቸው የጨረሱት። አንዱ ፎቶ አንስቶ «የጅማ ባህላዊ ቁርስ» ብሎ ለጠፈው።

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ እድሩ ጠራኝ። ድንኳን ሲተከል እድሩ መስማት አለበት፣ ይህ ደንብ ነው። ጡሩንባ ነፊው «እኔ ሳልነፋ ሰው እንዴት ለቅሶ ይደርሳል? ሥራዬን ነጠቁኝ» ብሎ ከሷል። ቅጣት 200 ብር። «ሰው እኮ አልሞተም!» አልኩ። «እሱማ ቢሞት ኖሮ እኛ ነበርን የምንከፍልህ» አሉኝ። በዚህ ማን ይከራከራል? ከፈልኩ። ሁለት መቶ ብሬንም፣ ያቺን አንድ ማርክም አልረሳም።

ይኸው እንግዲህ፣ ስለ ካምፕ ቦታ ልጽፍ ተነስቼ እድር ውስጥ ገባሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጅማ ቤዝ ስትሆን ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ድሮ ነጋዴው ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከካፋ እየመጣ ሂርማታ ገበያ ያርፍ ነበር። ልዩነቱ፣ ያኔ በጅማ መንግሥት ድንበር ላይ ኬላ ነበር። የሚገባ ይከፍላል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት እንግዳ አያያዝ ያውቁ ስለነበር ይመስለኛል። ለምኒልክ ሳይዋጉ ገበሩ፣ በቤታቸው ግን ለብዙ ዓመት አዛዡ እሳቸው ነበሩ። እኔ ገብሬም በቤቴ አላዝዝም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ጉርድ ሸሚዛቸውን አጥቤ፣ ቡና አፍልቼ፣ «ቦንጋ እንዴት ነበር?» ብዬ በስልክ ፎቶ አያለሁ። ማሽቃሬ ባሮን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ በዓል ነው! የበዓል ሰሞን ሁልጊዜ እንግዳ አለብኛ። ጅሬንም ብትጠይቁኝ… እሱን ተዉት፣ ጅሬን የት ትሄዳለች።

ትናንት ቆርጬ ተነሳሁ። «ዘንድሮ አይመችም» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል እናቴ ደረሰች። «ለልጁ ደውዬለታለሁ» አለች። «ጎመኑን እንዳይረግጡት ድንኳኑን በኮባው በኩል ይትከሉ ብዬዋለሁ።»

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ቅጣት ሳይመጣ በፊት፣ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። ቡና ላይ ናቸው።

«ግቢያችን ድንኳን ሊተከል ነው፣ አባባ። እንድታውቁት ብዬ ነው።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ምነው፣ በደህና?»

«እንግዳ ነው። ከአዲስ አበባ።»

«ስንት ቀን?»

«33 ቀን።»

ተነስተው ቆሙ። ትከሻዬን ያዙና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»