በታሳሪ ስልክ ላይ የዋጋ ጨረታ አይውጣ

በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ የያዘው ሰው «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ሲል ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው ለተከላካይ ጠበቆች የጥሪ ማዕከል ነው። ጠጥቶ በማሽከርከር ተጠርጥሮ ወይም የዋስትና ግዴታውን ጥሶ ከተያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ በአካል አይመጣለትም፤ ምክሩን የሚያገኘው በስልክ ነው። ገቢው ምንም ይሁን ምን አይከፍልም። ከፋዩ መንግሥት ነው፤ ሥራውንም ለጠበቆች ድርጅቶች በጨረታ ይሰጣል። ያ ጨረታ ግን ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ የሚያሸንፍበት መሆን የለበትም እላለሁ።

አስተርጓሚ ስለሆንኩ እንዲህ ባሉ ጥሪዎች መካከል ገብቼ አውቃለሁ። የጉዳዮቹን ይዘት ማንሳት ሙያዬ አይፈቅድልኝም፤ አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት በድምፃቸው ሸምገል ያሉ ሰው በስልኩ ማዶ ነበሩ። ጠበቃዋ ከሰላምታ ቀጥላ «አሁን ብቻዎን ነዎት?» አለች፤ ተረጎምኩላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «አዎ ልጄ» አሉ። ከጀርባቸው ግን የቁልፍ መንኳኳትና የሌላ ሰው ንግግር ይሰማ ነበር። ጠበቃዋም ሰምታለች። ሰውየው በር ወደሚዘጋበት ክፍል እስኪዛወሩ ድረስ ስለ ጉዳዩ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን።

በዝቅተኛ ዋጋ ላሸነፈ ድርጅት እነዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ኪሳራ ናቸው። ክፍያው በጥሪ ቁጥር ከሆነ የሚያተርፈው ቶሎ የሚዘጋው ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ በአንቀጽ 58 የተያዘ ሰው ጠበቃውን «በግል» የማማከር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያን ሌሊት ይህን መብት ያስከበረችው የጠበቃዋ ትዕግሥት ነበረች፤ ትዕግሥት ደግሞ ጊዜ ትፈልጋለች።

ከዚህም የከበደ አለ። ተጠርጣሪው ቃሉን እንዲሰጥ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ሕመም ወይም ሌላ ችግር ኖሮበት አጋዥ ሰው የሚያስፈልገው ከሆነ፣ በስልክ መግባባት ካልቻለ ወይም ፖሊስ ክፉኛ እንደበደለው ከተናገረ፣ ጉዳዩ ከስልክ ወጥቶ ጠበቃ በአካል ወደሚገኝበት መንገድ መሻገር አለበት። ብዙ ጊዜ ይህን የሚለየው ፊት ሳያይ ድምፅ ብቻ የሚሰማው ጠበቃ ነው። ግራ የተጋባ ሰው «ግራ ገብቶኛል» አይልም፤ ለሁሉም ጥያቄ «እሺ» ይላል። ያ «እሺ» መረዳት ይሁን ፍርሃት የሚለየው ረጋ ብሎ ደግሞ የሚጠይቅ ብቻ ነው።

ሥራውን ለርካሹ የመስጠት ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 መንግሥት የሚከፍልለትን ጥብቅና ያስተዳድር የነበረው የሕግ አገልግሎት ኮሚሽን በታላቁ ማንቸስተር እንዲሁም በኤቨንና ሶመርሴት የፖሊስ ጣቢያ ጥብቅናን ተጫራቾች በኢንተርኔት ዋጋ እያወረዱ በሚወዳደሩበት ጨረታ ሊሞክር አስቦ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2013 የፍትሕ ሚኒስቴር የወንጀል ጥብቅናን በዋጋ ሊያጫርት ተነሣ፤ የጠበቆች ተቃውሞ ሲበረታበት እሱም ሐሳቡን ለወጠ። ሁለቱም ጊዜ ማፈግፈጉ ትክክል ነበር። ዕቃ የሚገዛ ሰው ካልተስማማው ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ የተያዘ ሰው ግን የተሰጠውን ስልክ ከመያዝ በቀር ምርጫ የለውም። ምክሩ መጥፎ እንደነበር ቢያውቅ እንኳ የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዋጋውን መንግሥት ራሱ ይቁረጥ፤ ተጫራቾች የሚወዳደሩት በጠበቆቻቸው ብቃትና ብዛት ብቻ ይሁን። የምክር መዝገቦችን ከአሸናፊው ድርጅት ጋር ጥቅም የማይጋሩ ጠበቆች በየጊዜው ይመርምሩ። ጉዳዩን በአካል ለሚቀርብ ጠበቃ ያስተላለፈ አማካሪ ክፍያው አይቀነስበት። ሒሳቡም በጥሪ ቁጥር ሳይሆን በጊዜ ይሁን። በአስተርጓሚ የሚካሄድ ጥሪ ደግሞ ለብቻው ይታሰብ፤ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ስለሚነገር፣ ለአማርኛ ተናጋሪው አሥር ደቂቃ ማለት አምስት ደቂቃ ነው።