አቦሉን ጨልጦ የሚነሳ ልጅ

«ለአንድ ስኒ ቡና ይሄ ሁሉ ጣጣ?»

እንዲህ ነው እናቱን ያላት። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ። ስኒው ገና አልታጠበም፣ የእኔም ንዴት አልበረደም።

የነበራችሁ ሰምታችኋል። ያልነበራችሁ ስሙት። ቡናው ምጣድ ላይ ነው፣ ቢጫነቱን ለቆ ወደ ቡናማ እየሄደ። እሷ ዱካዋ ላይ፣ እሱ ሶፋው ላይ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ።

«እማ፣ አልደረሰም እንዴ?»

«አሁን ይደርሳል የኔ ጌታ። ቆሎውን ዘገን አድርግ እስከዚያው።»

«መኪና ልጠራ ነው እኮ።»

«አቦሉን ሳትቀምስ? እየቆላሁት እኮ ነው…»

«ለአንድ ስኒ ቡና ይሄ ሁሉ ጣጣ! እኛ ቢሮ በማሽን በአንድ ደቂቃ ይወጣል!»

ቤቱ ጸጥ አለ። እሷ ምንም አልመለሰችም። ማራገቢያውን አነሳችና ፍሙን ታራግብ ጀመር። 40 ዓመት ቡና ያፈላች ሴት፣ የሚቆላ ቡና ሥር ፍም እንደማይራገብ ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት፣ ልጇ እንዳይሄድባት ብላ አራገበች። ቡናውም አረረ።

አሁን ይሄ «ጣጣ» የተባለው ነገር ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ልናገር፣ ምክንያቱም የማያውቁ ሰዎች ናቸው ጣጣ የሚሉት። ጥሬው መጀመሪያ ይለቀማል። ጠጠሩ፣ የነቀዘው፣ የጠቆረው ይወጣል፤ አንድ የነቀዘ ፍሬ የጀበናውን ሽታ ይለውጠዋል። ከዚያ በሁለት በሦስት ውሃ በእጅ ይታሻል። ገለፈቱ ካልወጣ ምጣዱ ላይ ከፍሬው ቀድሞ ያርርና ጭሱ ይከረፋል፤ ያ ጭስ ደግሞ ለእንግዳ የሚቀርብ ነው፣ ምጣዱ በየሰዉ ፊት ሲዞር በእጃችን ወደ አፍንጫችን የምንስበው። ለ6 ስኒ አንድ ስኒ ጢም ያለ ጥሬ ቡና ይበቃል። በመካከለኛ ፍም ሳያቋርጡ ሲያማስሉት አረንጓዴው ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይንጣጣል፣ ወዝ ሲል ይወርዳል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ካራገቡት በ6 ደቂቃ ይጠቁራል፣ ግን ላዩ ነው የጠቆረው፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ ይታወቃል፤ በወጉ የተቆላ ቡና ዘነዘናው ሲያርፍበት ይሰባበራል፣ ውስጡ ያልደረሰው ግን ዘነዘናውን መልሶ ያነጥራል። ስኒ ውስጥ ሲቀዳ መራራና ጎምዛዛ በአንድ ላይ ነው። የዛሬው አቦል እንደዚያ ነበር። እና ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዛሬ ቡናሽ መረረ።» አንተ ነህ ያስመረርከው! አንተ!

ጀበናውም የራሱ ሰዓት አለው። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱ ይገባል፣ ሊገነፍል ሲል ከእሳቱ ዞር ይደረጋል፣ ትንሽ ወደ ስኒ ተቀድቶ ይመለስበታል፣ ከዚያ ማቶቱ ላይ ጋደም ብሎ 5 ደቂቃ ይሰክናል። ስክነቱ ለጌጥ አይደለም፤ አተላው ከሆዱ ሥር የሚተኛው ያኔ ነው። ጀበና ቀና ጎንበስ ባለ ቁጥር አተላው ይነሳል። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተጠጋግተው የሚደረደሩትም ለዚህ ነው፣ ቀጂዋ ጀበናውን ቀና ሳታደርግ ከአንዱ ወደ አንዱ በቀጭኑ እንድታወርደው። «ለእኔ ቶሎ ቅጂልኝ» ያለ ሰው የራሱን ስኒ ብቻ አይደለም አተላ የሚያደርገው፣ ከእሱ በኋላ ያሉትንም ጭምር ነው።

ደምሩት። መልቀምና ማጠብ 5፣ መቁላት 15፣ መውቀጥ 7፣ ማፍላት 10፣ ማስከን 5። 42 ደቂቃ ነው አቦሉ። ቶናው ውሃ ተጨምሮ እስኪፈላና እስኪሰክን ሌላ 15፣ በረካውም እንዲሁ። ከመጠጫው ጋር 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ከነእረፍቱ ከዚህ ይረዝማል፤ ለእሱ ግን ማንም «ይሄ ሁሉ ጣጣ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እና ሳይሄድ በፊት ምን አደረገ? ፎቶ አነሳ! ረከቦቱን፣ ጭሱን፣ የእናቱን እጅ። «የእማዬ ቡና» ብሎ ልብ ጨምሮ ለጠፈው። እሷ ቶናውን ስታሰናዳ እሱ በር ላይ ጫማውን ያስራል። አስተያየት የሰጣችሁት ሁሉ «ታድለህ» ብላችኋል። ስኒው ውስጥ ግማሽ አቦል ቀርቶ ነበር።

አሁን የሚያናድደኝን ዋናውን ነገር ልናገር። የእናት ወሬ በአቦል አይወጣም። አቦል ላይ ሁሉም ደህና ነው። ጉልበት ደህና፣ ቤት ደህና፣ ጎረቤት ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አቦል ላይ ወሬው የሰፈር ነው፤ የጤፍ ዋጋ፣ ያገባችው፣ የታመመው። ሁሉም እየሰማ ነው፣ ዕጣኑ እየጨሰ ነው፣ እሷም እጇ ሥራ ላይ ነው። ቶናው ጀበና ውስጥ ሲገባ ነው እጇ ሥራ የሚፈታው። ውሃው እስኪፈላ የምትሠራው ነገር የለም። እሳቱን እያየች ነው የምትናገረው፣ አንተን እያየች አይደለም፣ ለዚህም ነው የሚቀላት። «ሰሞኑን እንኳ ደረጃው እየከበደኝ ነው» የምትለው ያኔ ነው። «ያ መድኃኒት አልቆ ነበር» የምትለው ያኔ ነው። በረካ ላይ ምርቃት ነው፣ ጎረቤት ይነሳል፣ ነገሩ ይዘጋል። እንግዲህ አቦሉን ጨልጦ የሚነሳ ልጅ ከእናቱ «ደህና ነኝ» የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ! ከዚያ አንድ ቀን ሆስፒታል ሲጠራ «ደህና ነበረች እኮ፣ ባለፈው አይቻት ነበር» ይላል።

አይተሃት አይደለም። አቦል ጠጥተህ ነው።

መድኃኒቱን ካነሳሁ አይቀር። የደም ግፊት ክኒን የምትውጥ እናት ያላችሁ፣ «እየዋጥሽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ነው መልሱ፣ ሁልጊዜ። ማሸጊያውን አውጡና ቁጠሩ። በቀን 1 ፍሬ ከታዘዘ፣ ከ30 ቀን በፊት የተገዛ 30 ፍሬ ዛሬ ማለቅ አለበት። 11 ከተረፈ 11 ቀን ተዘሏል ማለት ነው። አንዳንዷ እንዲቆይላት ብላ ቀን እየዘለለች ትውጠዋለች፣ ልጄን ገንዘብ አላስወጣም ብላ። አንዳንዷ ደግሞ ራሷን ሲያማት ብቻ ትውጣለች፣ ያላመመኝን ምን አስዋጠኝ ብላ። ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው የሚጨምረው፤ ያላመማት ቀን መዝለሏ ነው አደጋው። ይሄን በስልክ አታውቁትም። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፣ ቶናው እስኪፈላ የሚያልቅ።

ሌላም አለ፣ ሁሉም በቶና ሰዓት የሚሠራ። የጓዳው አምፖል ተቃጥሎ እናትህ በጨለማ ዘይት ትቀዳለች፤ ወንበር ላይ እንድትወጣ ትጠብቃለህ? የስልኳን ፊደል አተልቅላት። የባሕር ማዶዋ እህትህ የላከችው የድምፅ መልእክት የማይወርደው ስልኩ በበዓል ቪዲዮ ስለሞላ ነው፤ ደጋግሞ የተላከውን አጥፋላት፣ የልጆቿን አስቀርላት፣ ግን ጠይቀሃት። አንዱን ሳትጠይቅ ካጠፋህ የሞተ ወንድሟ ድምፅ ሊሆን ይችላል፣ ተጠንቀቅ።

ፋሲካንስ ረሳሁት እንዴ? አልረሳሁም። እሷ 55 ቀን ጾማ፣ ቅዳሜ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ለአንድ ዶሮ እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት ልጣ ከትፋ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ነው የሚቁላላው፣ ውሃው ሳይመጥ በርበሬ ከገባ ወጡ ይቀጥናል፣ ሽንኩርቱም እስከ መጨረሻ ይታወቃል። ዶሮው በሎሚና በጨው ታሽቶ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ 12 ብልት ይወጣለታል፣ እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ይገባል። ግማሽ ቀን ቆማ ነው። ፈረሰኛውን ለእሱ ለይታ ትሸሽገዋለች። እሱ 7 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ በአንድ እጁ ይበላል፣ በሌላው «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ ለማያውቃቸው ሰዎች ይልካል። እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጉርሻ ጠቅልላ እጇ አየር ላይ ቆሞ ትጠብቃለች፣ ቀና እንዲልላት። አይቻለሁ። እጇ አየር ላይ ቆሞ!

ከውጭ የሚመጡትም እንዲሁ ናቸው፣ ሁሉም ባይሆኑም። 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ጭነው ይመጣሉ፣ ሦስት ሳምንት ይቆያሉ፣ እናት ግን አንድ ቀን ለብቻዋ ቡና ሳታጠጣቸው ቦሌ ትሸኛቸዋለች። ሽቶውም ቫይታሚኑም ቡፌው ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። መምጣት ለማትችሉ ግን፣ ይሄ ለእናንተ አይደለም፣ እናንተ ላይ አፌን አልከፍትም። ዋሽንግተን እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሰዓት 11 ሰዓት ነው፣ በክረምታችሁ ደግሞ 12 ሰዓት፤ የቡና ሰዓት ነው። ያኔ ደውሉ፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋችሁ እስከ በረካ ተቀመጡ፣ ባታወሩም ግድ የለም፣ ሙቀጫውን ስሙ። ሪያድና ጅዳ ያላችሁ እህቶች ሰዓታችሁ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ሥራው አላስወጣ ብሏችሁ ከማድ ቤት ተደብቃችሁ በየማታው 40 ሰከንድ ድምፅ የምትልኩትን አውቃለሁ። ያቺ እናት ያንን 40 ሰከንድ በቀን ስንቴ እንደምትከፍተው ብታውቁ። እናንተ ይሄን እየከፈላችሁ፣ በታክሲ 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ያለው ወንድማችሁ «መኪና ልጠራ ነው» ይላታል።

ጊዜ የለኝም አትበሉኝ። እሷ የሞተች ቀን ጊዜ ይገኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ወላጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል፣ ማንም አለቃ አይከለክልህም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አንተም ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ስልክህን ዘግተህ። በየሰዓቱ ቡና ይቀርብልሃል፣ በትልቅ ጀበና የፈላ፣ እና እስከ መጨረሻው ትጠጣዋለህ። ማንም ጣጣ አይለውም።

ደከመኝ። ለማን ነው የምጽፈው፣ እሱ እንደሆነ ረጅም ጽሑፍ አያነብም።

ግን ካነበብክ ስማ። አንተ ከወጣህ በኋላ ጎረቤቶቹ አቀርቅረው ነበር። እሷ ናት ዝምታውን የሰበረችው፣ «ሥራ በዝቶበት ነው፣ ልጄ እንዲህ አልነበረም» ብላ፣ ለአንተ ተከራክራ። የአንተን ስኒ ቶናውን ቀድታ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ምናልባት ከመንገድ ብትመለስ ብላ። ከዚያ እሳቱን እያየች ተናገረች። ክኒኑ ያለቀው ዓርብ ነው። ለአንተ ልትነግርህ ነበር፣ ቶናው ላይ። የሐኪሙ ማዘዣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከዳንቴሉ በታች ነው ያለው።