ከስካነሩ በፊት መዝገቡ ይቅደም

የማይክሮስኮፕ ስላይዶቻቸውን ወደ ዲጂታል የሚያዛውሩ ተቋማት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘባቸውን ስካነር ላይ ያውላሉ፤ ሜታዳታው፣ ማለትም ስለ ስላይዱና ስለ ምስሉ የሚመዘገበው መረጃ፣ «በኋላ ይሞላል» ተብሎ ይቆያል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። በፋይል ስም ብቻ የተለዩ አሥር ሺህ ምስሎችን ከስላይዶቻቸው ጋር እንደገና ማገናኘት ከመጀመሪያው ቅኝት የበለጠ ድካም ነው።

የችግሩ ሥር ናሙናን፣ ስላይድንና ምስልን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። አንድ ስላይድ አምስት ነፍሳት ሊይዝ ይችላል፤ አንድ ፅንስ ደግሞ በስሱ ተቆራርጦ 40 ስላይድ ላይ ይቀመጣል፤ ያው ስላይድም በተለያየ ማጉያ ተነስቶ ብዙ ፋይል ይሆናል። ለሁሉም አንድ ረድፍ ከተሰጠ የአንዱ ነፍሳት የዝርያ ስም ሲታረም የሌሎቹም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ሦስት መዝገብ፣ ሦስት መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ውስጥ የዝርያ ስም ወይም የመሳቢያ ቁጥር አይግባ፤ ስሙ ሲከለስ ወይም ሳጥኑ ሲዛወር መለያው ራሱ ስህተት ይሆናል። ባርኮዱ ነባሩን ጽሑፍ አይሸፍን፤ ከስላይዱ ሥርም አይለጠፍ፤ ስላይዱ ያዘነብልና ምስሉ ይደበዝዛል።

የመለያ ወረቀቱ ጽሑፍ ከነስህተቱ፣ ቃል በቃል ይገልበጥ። «3.4.12» የሚለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 3 ነው ወይስ ማርች 4? 1912 ነው ወይስ 2012? ዳርዊን ኮር የተባለው የብዝኃ ሕይወት መረጃ መስፈርት ለተጻፈው ቀንና ለተተረጎመው ቀን የተለያዩ መስኮች ያሉት ለዚህ ነው። ዓመቱ ብቻ ከተረጋገጠ ዓመቱ ብቻ ይጻፍ። በግምት የተሞላ ቀን ከባዶ መስክ የከፋ ነው፤ ባዶው አያሳስትም። ኤክሴል ላይ የሚሠራ ሰው ዓምዱን አስቀድሞ ጽሑፍ ያድርገው፤ አለዚያ መለያ ቁጥር 00417 ወደ 417 ይለወጣል። ኤክሴል ቀን እየመሰሉት የሚቀይራቸው የሰው ዘረመል ስያሜዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በሌላ እስከመተካት ደርሰዋል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨው ግን የመጠን መረጃ መጥፋት ነው። ማጉያውን «40 እጥፍ» ብሎ መመዝገብ አይበቃም፤ አንድ ፒክሰል (የምስሉ ነጥብ) ስንት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) እንደሚሸፍን የሚወስኑት የካሜራው ሴንሰርና በመካከል ያሉት ሌንሶች ጭምር ናቸው። በስላይድ ስካነሮች የአንድ ፒክሰል ስፋት በ40 እጥፍ ብዙውን ጊዜ ወደ 0.25፣ በ20 እጥፍ ደግሞ ወደ 0.5 ማይክሮሜትር ይጠጋል። ሁለቱ ከተምታቱ የ10 ማይክሮሜትር ሴል 20 ሆኖ ይለካል። ስካነሩ ቁጥሩን በራሱ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ምስሉ በግማሽ ሲያንስም የፒክሰሉ ስፋት እጥፍ ይሆናል፤ ይህንን ማስተካከል ብዙዎች ይዘነጋሉ። ስለዚህ ፋይሉ ከመቀየሩ በፊት ቁጥሩ ወደ ዳታቤዙ ይገልበጥ፤ ዋናው ፋይልም አይሰረዝ። ለልውውጥ ኦኤምኢ-ቲፍ የተባለው የማይክሮስኮፕ ምስል ፋይል ዓይነት ይሻላል፤ መረጃውን ከምስሉ ጋር ይይዛል።

ናሙናው የተነከረበት ቀለምና የተጣበቀበት ማጣበቂያም ይመዝገቡ። ካናዳ ባልሳም የተባለው ማጣበቂያ እያደር ይቢጫል፤ ቢጫው የናሙናው መልክ ተደርጎ እንዳይወሰድ የሚያስጠነቅቀው ይህ መስክ ነው። በሕክምና ስላይዶች ደግሞ የታካሚውን ስም ከፋይሉ ስም መሰረዝ ብቻውን አያድንም። ብዙ ስካነሮች የመለያ ወረቀቱን ፎቶ እዚያው ፋይል ውስጥ ያኖራሉና እሱም መውጣት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ 50 ስላይዶች እንዳለቁ ቅኝቱ ይቁም። ከዳታቤዙ አንድ ምስል ተመርጦ ስላይዱ ከመሳቢያ ይፈለግ፤ ከመሳቢያም አንድ ስላይድ ወጥቶ ምስሉ ይፈለግ። በአንዱ አቅጣጫ እንኳ ካልተገኘ 51ኛው ስላይድ ስካነር ውስጥ አይግባ።