ለ«ናይስ» የቀረበ ውዳሴ

የደብረ ብርሃን ሰው ቃል ማባከን ከተወ ሰነባብቷል። ድሮ ጠላውን «ጉሽ»፣ ቆሎውን «ኮሽ ኮሽ የሚል»፣ ልጃገረዷን «ሸጋ»፣ አስታራቂውን «ጨዋ» እያለ ለየአንዳንዱ ቅጽል ሲያወጣ የሚውለው ሕዝብ፣ ዛሬ ሁሉንም «ናይስ» በምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቅጽል ጠቅልሎ ከድካም ተገላግሏል። ብልሃቱን ላመጡልን ወጣቶች ምስጋና ይገባቸዋል፤ እንዲህ ባለ ብርዳም አገር አፍን ከፍቶ መቆየት ለጤናም አይበጅ።

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ጎረምሳ ባና ሲዳብስ አየሁ። ሻጩ አዛውንት ጠጉሩ የመንዝ በግ መሆኑን፣ ፈትሉ የእጅ መሆኑን፣ ከአንድ ትውልድ በላይ እንደሚያገለግል አስረድተው ሲጨርሱ፣ ልጁ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አሸት አድርጎ «ናይስ ነው አባባ» አለ። «ሙቀቱን ነው ልጄ፣ ወይስ አሠራሩን?» ቢሉት፣ «አይ፣ በቃ ናይስ ነው» ብሎ ዝም። አዛውንቱ ዋጋው የተወደደበት መስሏቸው መቶ ብር ቀነሱለት። ዋጋ የሚያስቀንስ ቅጽል በአማርኛ ፈልጌ አላገኘሁም።

የዘር ሐረጓም የሚያኮራ ነው። ምንጯ «የማያውቅ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1300 ገደማ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ስትገባ «ሞኝ» ማለት ነበረች። እየዋለች እያደረች «ጥንቁቅ»፣ «ረቂቅ» ሆነች፤ እንግሊዞች ዛሬም በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ስስ ልዩነት በእርሷ ይገልጹታል። «ደስ የሚል» ወደሚለው ፍቺ የዞረችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስስ ልዩነትን የምታሳይ ቃል እኛ ዘንድ ደርሳ ልዩነትን ሁሉ ማጥፋቷ፣ እውነትም ዕድገት ነው።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን ልቅሶ ቤት የሰማሁት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዕድር ድንኳን ሲተክሉና የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ አርፈው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የወንድማቸው ልጅ ከወረቀቱ ቀና አለና «በአጠቃላይ በጣም ናይስ ሰው ነበሩ» ብሎ ቋጨ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው «ምን ነበሩ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዱሮውን ፍቺ ልንገራቸው ወይስ የዛሬውን እያልኩ ሳመነታ፣ «በሽታቸውን ነው? እኔስ ስኳር ነው ሲባል ነበር የሰማሁት» አሉና ወደ ልቅሷቸው ተመለሱ።