ግመሎቹም ይታወሱ

ወንድሜ፣ ስለ ሚያዝያ 27 የጻፍከውን ጉድ አንብቤ ፈገግ አልኩ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ዓ.ም. በዚያ ቀን፤ ጃንሆይ የተመለሱትም በ1933 በዚያው ቀን። ጥሩ ብለሃል። ግን ጎጃምን በአንድ መስመር ማለፍህ ቅር አሰኘኝ። ትልቁ ጉድ እኮ እኛ ጋ ነው!

ጃንሆይ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ ስንቅና ጥይቱ የተጫነው በግመል ነበር። 15 ሺህ ገደማ ግመል! የቆላ እንስሳ በበላያ ተራራ ዳገት፣ በደጋ ብርድ ምን ያድርግ? መንገድ ላይ አለቀ። አዲስ አበባ የደረሰው መቶ አይሞላም።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያኔ ቡሬ አካባቢ ልጅ ነበረች። ከብት ስታግድ አንዱን ግመል ተንበርክኮ አገኘችው። አንገቱን ዘርግቶ አያት። "ጋኔን ነው" ብላ ከብቶቹን ጥላ ሮጠች። ማታ አባቷ በቅል ውኃ ይዞ ቢሄድ ግመሉን ሞቶ አገኘው። ይህን ስታወራ መጀመሪያ ትስቃለች፤ መጨረሻ ላይ ግን እንባ ይተናነቃት ነበር።

ለከርሞ ሚያዝያ 27 ስትጽፍ፣ ከአርበኞቹ ቀጥሎ ለግመሎቹም አንድ አንቀጽ ስጣቸው። በጣም ነው የምለምንህ።